ዋጋው ያልተከፈለ አብሾ፦ የአንድ ፋንታሲ ረቂቅ የጉዳይ ጥናት ከደብረ ማርቆስ

ይህ የጉዳይ ጥናት የሚመለከተው ደብረ ማርቆስ ውስጥ የተጻፈን፣ የማሳተሚያ ገንዘብ ጭምር የተሰበሰበለትን፣ ሆኖም ማተሚያ ቤት ሊገባ ሲል በደራሲው ውሳኔ እንዲቆይ የተደረገን አንድ ረጅም የፋንታሲ ልብ ወለድ ነው። ደራሲው በጮቄ ተራራ ግርጌ ተወልዶ ያደገ፣ በሙያው የሁለተኛ ደረጃ መምህር የሆነ ወጣት ሲሆን፣ ጉዳዩ እንዲጻፍ የፈቀደው የእርሱም ስም የመጽሐፉም ርእስ እንዳይነሣ በሚል ስምምነት ነው። እኔ ረቂቁን ያነበብሁት በአርታኢነት ነው፤ በኋላም ረቂቁ በተመረመረበት የአንባብያን ማኅበር ላይ ተገኝቻለሁ።

ደካማ ረቂቅ በየጊዜው ይጻፋል፤ ማንም ጥናት አይሠራበትም። ይህኛው መጻፍ የተገባው መነሻ ሐሳቡ ከአፈጻጸሙ እጅግ የራቀ ስለ ሆነ ነው። ሐሳቡን በሁለት ዐረፍተ ነገር የነገርኋቸው ሰዎች ሁሉ መጽሐፉን የት እንደሚያገኙት ይጠይቁኝ ነበር፤ ረቂቁን ተቀብለው ያነበቡት ግን አብዛኞቹ ከግማሹ አላለፉም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ምን ጠፋ የሚለው ነው የጉዳዩ ጥያቄ።

ደራሲው የገባበት መስክ ብዙ ሰው የሄደበት አለመሆኑም መታሰብ አለበት። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የዘጌ ተወላጅ በሆነ ጸሐፊ እጅ ነው፤ ያም ሥራ ከእውነታው ዓለም ይልቅ ለተረት የቀረበ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣው ልብ ወለዳችን ግን በአመዛኙ ወደ እውናዊው ታሪክ ስላጋደለ፣ ዛሬ በአማርኛ ፋንታሲ ልጻፍ ብሎ የተነሣ ወጣት አርአያ የሚፈልገው ከውጭ ፊልምና ከኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ይህ ነገር በኋላ የሚታየውን ጥፋት በከፊል ያስረዳል።

መነሻ ሐሳቡ

በቤተ ክህነት ትምህርት አካባቢ ላደገ ሰው አብሾ ምን እንደ ሆነ መንገር አያስፈልግም። ለሌላው አንባቢ ግን፣ አብሾ የቆሎ ተማሪዎች አእምሯቸው እንዲከፈትና የሰሙት ሁሉ እንዳይጠፋባቸው ይጠጡታል የሚባል መድኃኒት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከአስተናግር እንደሚዘጋጅ ይነገራል። አስተናግር አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ያሉት መርዛማ ተክል ነው፤ የዓይን ብሌን ያሰፋል፣ ያቃዣል፣ ሲበዛም ይገድላል። ስኮፖላሚን ደግሞ በሕክምናው ዓለም ማስታወስን በማወክ የታወቀ ነው። እንዳይረሱ የሚጠጡት ነገር ራሱ የሚያስረሳ መሆኑ ለልብ ወለድ የተዘጋጀ ነገር ይመስላል፤ ደራሲው ግን እዚህ ሐሳብ ላይ የደረሰው ኬሚስትሪውን አውቆ እንዳልሆነ ነግሮኛል።

በረቂቁ ዓለም ውስጥ አብሾ በእርግጥ ይሠራል። የጠጣው ተማሪ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከጆሮው የገባውን አንዲት ቃል አይረሳም። ነገር ግን ዕውቀቱ ከሜዳ አይመጣም፤ ተማሪው አንድ ነገር በያዘ ቁጥር ከሚወዳቸው ሰዎች አንዱ፣ የትም ይሁን የት፣ አንድ ነገር ይረሳል። የተረሳው ነገር ወደ ምንጭ ይገባል፣ በግልገል ዓባይ ወርዶ ጣና ይደርሳል። እዚህ ላይ ደራሲው፣ ዓባይ ከሐይቁ ውሃ ጋር ሳይቀላቀል ጣናን አቋርጦ ያልፋል የሚለውን የቆየ የአገር እምነት ተጠቅሞ፣ የተረሳው ሁሉ በሐይቁ ውስጥ ለብቻው እንደ ክር ተዘርግቶ እንደሚሄድ አድርጎ ጽፏል። ታሪኩ የሚጀምረው ከክፉ ቀን፣ ማለትም ከብቱ ካለቀበት ከታላቁ ረሃብ ማግስት፣ በ1880ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ባለታሪኩም ከጮቄ ግርጌ ተነሥቶ ወደ ቅኔ ቤት የሚሄድ፣ አባቱ በረሃብ የሞተበት ልጅ ነው።

ይህን ሐሳብ ከሌላ አገር ሐሳብ የሚለየው መርሳት ጎጃም ውስጥ ያለው ክብደት ነው። እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ በዚህ አገር ርስት የሚጠየቀው በትውልድ ቆጠራ ነበር። ድርሻ የሚፈልግ ሰው መሬቱን ከያዘው ከዋናው አባት መወለዱን፣ በአባቱም በእናቱም በኩል ስም በስም እየቆጠረ ማስረዳት፣ በሚያውቁ ሽማግሎችም ማስመስከር ነበረበት። ከቆጠራው መካከል አንድ ስም የጠፋበት አያት በሙግቱ ይሸነፋል፤ ልጆቹም ማሳውን ያጣሉ። እንዲሁም ሙት በአርባ፣ በሰማንያና በዓመቱ የሚዘከረው የሞተበትን ቀን የሚያስታውስ ቤተ ዘመድ ሲኖር ነው። ለእንዲህ ያለ አገር፣ አንድ ልጅ ቅኔ ቤት ተቀምጦ በተማረ ቁጥር በትውልድ መንደሩ አንድ ስም፣ አንድ ወሰን፣ አንድ የሙት ቀን ይጠፋል ማለት ትልቅ ነገር ነው። ልጁ እየበረታ ሲሄድ ዘመዶቹ ከርስታቸው ይነቀላሉ፤ የሚነቅላቸውም እንዲማርላቸው የላኩት ልጅ ራሱ ይሆናል።

ረቂቁ ሐሳቡን ምን አደረገው

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ስለ ርስት ሙግት በረቂቁ ላይ አንድም ገጽ የለም። ስለ ተዝካርም የለም።

ያለው በመጀመሪያ መቅድም ነው፤ ርዝመቱም ከ40 ገጽ ይበልጣል። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው መንገሣቸውን፣ በዓመቱ እምባቦ ላይ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው መማረካቸውን፣ ቀጥሎ የከብቱን እልቂትና ረሃቡን በተራ ይተርካል። የተጻፈው ነገር ስሕተት የለበትም፤ ደራሲው በትጋት አንብቧል። ሆኖም በእነዚያ ገጾች ሁሉ ውስጥ አንድም ሰው አንድም ነገር አይረሳም፤ አብሾ የሚለው ቃል ራሱ አይነሣም። እንግዳን ደጅ አቁሞ የአጥሩን ታሪክ እንደ መንገር ያለ ነገር ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ ግን መልካም ነው፤ ይህን አለመናገር ደራሲውን መበደል ይሆናል። ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን፣ ያገኛትን ቁራሽ ጎጆው ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ሲካፈል፣ ማታ ለየኔታ እንጨት ለቅሞ ሲገባ የተጻፈው ክፍል የአኗኗሩን ሥርዓት በሚያውቅ ሰው እጅ የተጻፈ ነው። አብሾው የሚጠጣበትም ሌሊት እንደዚሁ ያስፈራል። ገጹን ስገልጥ አሁን ታሪኩ ጀመረ ብየ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚህ ምዕራፍ ይሸሻል። ልጁ ሰባት ትውልድ አስቀድሞ ትንቢት የተነገረለት ሆኖ ይገኛል። ከዓባይ በረሃ የጨለማ ንጉሥ ሠራዊቱን አስከትቶ ይወጣል። ከጣና የሚወጡ አውሬዎች አሉ፤ የሚበርር በቅሎ አለ፤ ከጮቄ ዘጌ በአንድ ሌሊት ይደረሳል። አንድ ጦርነት 30 ገጽ ይፈጃል። አብሾው በነዚህ ሁሉ መካከል የልጁ መሣሪያ ይሆንና፣ ጠላት የተናገረውን እየያዘ፣ አስማቱን እየሸመደደ ያሸንፍበታል። ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ረቂቁ ለዚህ ያለው መልስ በየምዕራፉ መጨረሻ ላይ የሚደጋገም አንድ ዐይነት ዐረፍተ ነገር ነው፦ «በሩቅ መንደር አንዲት አሮጊት የልጇን ስም ረሳች።» አሮጊቷ ማን ናት፣ ልጇስ ማን ነው፣ ከባለታሪኩ ጋር ምን ያገናኛታል የሚለው አይታወቅም። በሕጉ መሠረት የሚረሱት ልጁ የሚወዳቸው ሰዎች ናቸው፤ በረቂቁ ውስጥ ግን የሚረሱት አንባቢም ልጁም የማያውቋቸው ናቸው።

የልጁ እናት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአምስተኛው ምዕራፍ፣ ትረሳለች። ክፍሉ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ልጁ ለጥምቀት አገሩ ይገባል፤ እናቱ አታውቀውም፤ «ልቡ በኀዘን ተሰበረ» ይላል ረቂቁ፤ በሚቀጥለው መስመር የጨለማው ንጉሥ መልእክተኛ ደጃፉን ያንኳኳል።

ቅኔው ራሱም እንዲሁ ቀርቷል። ይህ ነገር ለጎጃም አንባቢ ከሁሉ የሚከብድ ይመስለኛል። ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው በቅኔ በሚጠራበት አገር፣ በቅኔ ቤት ውስጥ የሚኖር ባለታሪክ ይዞ፣ ደራሲው አንድም ጊዜ ቅኔ ሲቆጠር፣ ማለትም ሲደረስ፣ አላሳየንም። «ድንቅ ቅኔ ዘረፈ፤ ጉባኤው አጨበጨበ» ብሎ ያልፋል። ለመሆኑ በቅኔ ጉባኤ ማን ያጨበጭባል? ከዚህ የሚበልጠው ጉድለት ግን ሌላ ነው። ዜማ ቤት ወይም መጽሐፍ ቤት ቢሆን የማይረሳ አእምሮ ተማሪውን ያነግሠው ነበር፤ ድጓውም ትርጓሜውም በቃል የሚያዝ ነውና። ቅኔ ቤት ግን የሰሙትን መድገም ነውር ነው። ተማሪው ሁለት ቤት (ስንኝ) ያለውን ጉባኤ ቃና ቆጥሮ፣ ወደ ሦስቱ ቤት ወደ ዘአምላኪየ እየተሻገረ፣ እስከ ስምንቱ ቤት እስከ መወድስ ድረስ ሲያድግ በየቀኑ አዲስ ነገር ከራሱ ማውጣት አለበት፤ ነገራ ላይ የትናንቱን ቅኔ ለየኔታ ይዞ የቀረበ ተማሪ ወዮለት። እንግዲህ ምንም የማይረሳ ልጅ ቅኔ ቤት ቢገባ፣ የሌላው ሰው ቅኔ ሁሉ ራሱን ሞልቶት የራሱን ማውጣት ሊያቅተው ይችላል። ደራሲው ባለታሪኩን ለእርሱ ከሁሉ የሚከብደው ቦታ ላይ አስቀምጦት ሳለ፣ ክብደቱን አላየውም።

ፍጻሜው አጭር ነው፦ ልጁ ጣና ውስጥ ገብቶ የተሰረቀውን ትዝታ ሁሉ ለባለቤቶቹ ይመልሳል። እናቱ ታውቀዋለች፣ አሮጊቶቹ የልጆቻቸውን ስም ያገኛሉ፣ እርሱም አብሾው ሳይወጣለት ሊቅ እንደ ሆነ ይኖራል። ማንም ምንም አላጣም።

የማኅበሩ ንባብ

የአንባብያን ማኅበሩ በደብረ ማርቆስ የሚሰበሰብ፣ የተመዘገበ ስም የሌለው የወዳጆች ስብስብ ነው። ረቂቁን ካነበቡት መካከል አንዲት ነርስ፣ ሁለት የኮሌጅ ተማሪዎች፣ አንድ የአማርኛ መምህርና አንድ አዛውንት ነበሩ። አዛውንቱ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የኖሩ፣ በኋላ ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ እየጻፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሁሉም «መሪጌታ» ይሏቸዋል።

ተማሪዎቹ ጦርነቶቹን ወደዋቸዋል፤ ይህን በግልጽ መመዝገብ ያስፈልጋል። ከሁለቱ አንደኛው ግን ረቂቁን እንዲያስታውስ ሲጠየቅ የዘረዘረው ሦስተኛውን ምዕራፍ ነበር፤ የጦርነቶቹን ቅደም ተከተል አቀላቅሏቸዋል። የአማርኛ መምህሩ ትኩረት ሰጥቶ ያነሣው የምልልሱን ችግር ነው፦ ገጸ ባሕርያቱ የአብሾን ሕግ እርስ በርሳቸው ይማማራሉ፤ ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር አንዱ ለሌላው በሰፊው ያስረዳል። ትክክል ነው፤ ነገር ግን ይህ በአንድ ሳምንት የሚታረም ጉድለት ነው።

መሪጌታ የያዙት ነገር ሌላ ነበር። ረቂቁን ከፊታቸው አድርገው፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ ያለውን የግብር፣ ማለትም የንጉሡን ድግስ፣ ትዕይንት ፈልገው አገኙና ደራሲውን ጠየቁት።

«ልጄ፣ ይኸ ልጅ አብሾ ጠጥቷል አላልኸንም?»

«አዎ መሪጌታ፣ ጠጥቷል።»

«ታዲያ እዚህ ላይ ከንጉሡ ፊት ቀርቦ ሦስት ብርሌ ጠጅ ጠጣ ትላለህ። ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ማለቴ… እዚያ ላይ ደስታው እንዲታይ ብየ ነው።»

«አብሾ የጠጣ ሰው መጠጥ ቀምሶ ምንም ካልሆነማ፣ የጠጣው አብሾ አይደለም።»

ሁሉም ሳቀ፤ ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። አብሾ የጠጣ ሰው መጠጥ ከቀመሰ እንደሚለፈልፍና እንደሚያብድ በአገሩ የታወቀ ነው፤ ሰክሮ ነገር የሚያበዛውን ሰው «አብሾ አለበት» የምንለውም ከዚህ የተነሣ ነው። የሕዝቡ እምነት ራሱ አብሾን ያለ ዋጋ አይሰጥም፦ ዕውቀቱን የወሰደ ሰው ከማኅበሩ ጽዋ ይለያል፤ ድግስ ላይ ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ደራሲው ከራሱ ፈጥሮ ሌላ ከባድ ዋጋ ጨመረበት፤ ከዚያ ያንንም ይህንንም ከባለታሪኩ ላይ አነሣለት። መሪጌታ በጠጁ በኩል ያሳዩት ጉድለት እናቲቱን በግማሽ ገጽ ካሳለፈው ጉድለት ጋር አንድ ነው።

ነርሷ የተናገረችው አጭር ነበር። የምትሠራበት ቦታ የመርሳት ችግር ያለባቸውን አረጋውያን ይዘው የሚመጡ ልጆችን ታያለች። «እናቱ ስትረሳው ልቡ ተሰበረ ብሎ የሚያልፍ ልጅ የለም» አለች። «መጀመሪያ ይቆጣል። ትቀልዳለች ብሎ ያስባል። ከዚያ ይፈትናታል፤ የእህቴ ስም ማነው ይላታል።» ደራሲው ይህን ሲጽፍ አየሁት።

ስለ ርስቱ ነገር ያነሡትም መሪጌታ ናቸው። ከአዋጁ በፊት ሽማግሎች ትውልድ ሲቆጥሩ በልጅነታቸው መስማታቸውን፣ አንድ ስም ሲዘለል የሚነሣውን ጩኸት፣ የሚያውቅ ሽማግሌ ሲሞት የሚደነግጠውን ቤተ ዘመድ ተረኩ። ሲጨርሱ የአማርኛ መምህሩ ለደራሲው «መጽሐፍህ ይኸ ነው» አለው። እኔም ተመሳሳይ ነገር በጽሑፍ አስተያየቴ ላይ አስፍሬ ነበር፤ የእኔ ግን ሁለት ገጽ ፈጅቷል።

መንስኤው

ጉድለቱን ማግኘት ቀላል ነበር። እንዲህ ያለ ሐሳብ የመጣለት ሰው እንዴት ሊስተው ቻለ የሚለውን ለመረዳት ግን የረቂቁን አጻጻፍ መከተል አስፈለገ። ደራሲው በጠየቅሁት ጊዜ ታሪኩን መጀመሪያ የጻፈበትን ደብተር አመጣልኝ።

በደብተሩ ላይ መቅድም የለም። ትንቢትም የለም። አምስተኛው ምዕራፍ ግን ሰፊ ነው፤ ከእናቲቱ ጎጆ አይወጣም። ልጁ ማታ ይገባል፤ እናቱ የገብስ እንጀራ ስትጋግር ያገኛታል። ምጣዱን ሳታስስ ሊጡን ታፈስሰዋለች፤ እንጀራው ይይዝባታል። በሰፌዱ ጠርዝ እየፋቀች ምጣዱን ሌላ ሰው ያበላሸባት ይመስል በቁጣ ታየዋለች፤ የጎመን ዘሩ ግን ከእጇ አጠገብ በጨርቅ ተቋጥሮ ተቀምጧል። ከዚያ ደጃፍ ላይ የቆመውን ተማሪ ታያለች፤ የተበጣጠሰውን እንጀራ ሰብስባ በወጥ ታቀርብለታለች። ሲበላ እያየችው፣ ለማንኛውም የቆሎ ተማሪ እንደሚባለው፣ «እናት አለችህ ልጄ?» ትለዋለች። ልጁ ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይዟል፤ ለዚህች ጥያቄ ግን መልስ ያጣል። እንጀራውን ጨርሶ፣ እንደ እንግዳ መርቆ ይወጣል።

ይህ ክፍል በኅትመት ረቂቁ ላይ ወደ ግማሽ ገጽ የወረደው በቴሌግራም ምክንያት ነው። ደራሲው ታሪኩን በቻናሉ ላይ በተከታታይ ክፍል ያወጣ ነበር፤ በአገራችን ብዙ አዲስ ጸሐፊዎች የሚጀምሩት በዚህ መንገድ ነውና የሚያስነቅፈው አይደለም። የእናቲቱ ክፍል የወጣ ቀን ጥቂት ሰዎች ብቻ ምላሽ ሰጡ። ቀጥሎ በጣና የባሕር አውሬ ያለበት ክፍል ሲወጣ ግን አስተያየቱ ጎረፈ፤ «ይቀጥል» የሚለው በዛ። ደራሲውም ቀጠለ። አንድ ክፍል በስልክ ላይ በአንድ ትንፋሽ ተነብቦ የሚያልቅ፣ መጨረሻው ላይ ልብ ሰቀላ ያለበት መሆን ስላለበት፣ በዝግታ የሚሄደው ሁሉ እየተቆረጠ ወጣ፤ ጦርነቱ እየጨመረ ገባ። የማይረሳው ልጅ ቅኔ ሲያቅተው የሚታይበትን ክፍል ደራሲው አስቦት እንደ ነበርም በደብተሩ ኅዳግ ላይ ከተጻፈች አንዲት መስመር አይቻለሁ፤ ተከታታዮቹ ጀግናቸው ሲሸነፍ አይወዱም ብሎ ትቶታል።

ሁለተኛው መንስኤ መጀመሪያ ያነሣሁት የአርአያ ነገር ነው። ደራሲው ፋንታሲ ማለት የተመረጠ ልጅ፣ የጨለማ ንጉሥና ካርታ ያለበት ዓለም ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ካርታውንም ራሱ ሥሎታል፤ ጥሩ ካርታ ነው። የገዛ አገሩ ሕግና ወግ፣ ማለትም ርስቱ፣ ተዝካሩ፣ የቅኔ ቤቱ ሥርዓት፣ ለፋንታሲ የሚበቃ ዓለም ሆኖ አልታየውም። መቅድሙ የገባውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ ታሪኩ ክብደት እንደ ጎደለው ተሰምቶት ነገሥታቱን ጠራቸው።

ሦስተኛ የሚባል ካለ ለባለታሪኩ ያለው ፍቅር ነው። የልጁ ሕይወት የደራሲውን የራሱን ሕይወት ብዙ ይመስላል፤ ደራሲውም ከድሃ ቤት ወጥቶ፣ በዘመድ ድጋፍ ተምሮ፣ ሥራ ይዞ የሚጦር ልጅ ነው። መማሩ እቤት የቀሩትን ዋጋ ያስከፈላቸው መሆኑን መጻፍ እንዴት እንደሚከብድ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። እኔ ግን የመጽሐፉ እውነት ያለው እዚያው ላይ ነው ብየ አምናለሁ፤ ለደራሲውም ነግሬዋለሁ፤ አልመለሰልኝም።

የተደረገውና የቀረው

ማሳተሙን ማቆየት ቀላል ውሳኔ አልነበረም። አብዛኛው የአማርኛ ደራሲ መጽሐፉን የሚያሳትመው በራሱ ገንዘብ ነው፤ የወረቀት ዋጋ ደግሞ ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ አይታይም። ገንዘቡ ከዘመድና ከባልደረባ የተሰበሰበ በመሆኑ «መቼ ይወጣል?» የሚለው ጥያቄ በየዕለቱ ይመጣበት ነበር። ተማሪዎቹም ቢሆኑ እንዳለ እንዲታተም መክረውታል፤ ቻናሉ ላይ የሚከተሉት ሰዎች እንደሚገዙት እርግጠኛ ነበሩ። በገበያው በኩል ምናልባት ልክ ነበሩ።

ደራሲው መቅድሙን ሙሉ በሙሉ አወጣው። ከእምባቦ የቀረው አንድ ነገር ነው፦ በዚያ ጦርነት የቆሰለ አጎት፣ የዘመተበትን ቦታ ስም በየቀኑ እየረሳ፣ ቁስሉን እያየ «ይህ ምን ነካኝ?» የሚል። በእኔ ግምት ይህ አጎት ብቻውን ከመቅድሙ ሁሉ ይበልጣል። ትንቢቱ ቀርቷል። የጨለማው ንጉሥም ቀርቷል፤ በእርሱ ፋንታ የገባው የእናቲቱን ማሳ የሚከራከር የሥጋ ዘመድ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚጠይቀውም የሚገባውን ነው። ሙግቱ የሚታየው አያትየው ቆጠራውን መካከል ላይ ሲያቋርጥ፣ ልጁም ከሕዝቡ መካከል ቆሞ፣ የጠፋውን ስም በልቡ እያወቀው፣ ቢናገር ከየት እንዳገኘው ሊጠየቅ መሆኑን ሲያስብ ነው። የአዲሱ ረቂቅ ምርጥ ክፍል ይህ ነው።

የእናቲቱ ምዕራፍ ከደብተሩ ተመልሷል፤ የነርሷም ነገር ገብቶበታል፦ ልጁ እንጀራውን በልቶ ከመውጣቱ በፊት የእህቱን ስም ይጠይቃታል። የግብሩ ትዕይንትም ተለውጧል፤ ልጁ ብርሌውን ይቀበልና አይጠጣም፤ አጠገቡ የተቀመጠው ባለሟል ለምን እንደማይጠጣ ይገባዋል። መሪጌታ በዚህ ተደስተዋል።

በሁሉም አልተስማማንም። የበረራው በቅሎ እንዲወጣ እኔ ብዙ ተከራክሬያለሁ፤ ደራሲው አልተወውም፤ ተማሪዎቹም ደግፈውታል፤ አሁንም አንድ ምዕራፍ ላይ ይበርራል። መሪጌታ በበኩላቸው የቅኔ ቤቱ ክፍል ገና እንደሚቀረው ያምናሉ። ደራሲው ግእዙ ስለማይበቃው ልጁ የሚቆጥረውን ቅኔ መጻፍ አልቻለም፤ ስለዚህ ልጁን ከሜዳ፣ ከግራር ሥር ጋቢውን ተከናንቦ፣ በጣቱ ቤት ሲለካ ያሳየናል፤ ከዚያም የኔታ ሰምተው ሲያርሙ፣ የሌላ ሰው ቅኔ እንደ ደገመ ሲነግሩት። እኔ ይበቃል ብየአለሁ። መሪጌታ ግን አንድ እውነተኛ ጉባኤ ቃና ሳይኖርበት ይህ መጽሐፍ ከጎጃም አይወጣም ባይ ናቸው፤ እርሳቸው ሊሰጡት ሐሳብ አቅርበው ደራሲው ሌላ ሰው በቆጠረው ቅኔ መጠቀምን አልወደደም።

ፍጻሜው ገና አልተጻፈም። ልጁ የወሰደውን ይመልስ ወይስ አይመልስ፣ ቢመልስስ የተማረውን ሁሉ አጥቶ ነው ወይስ ከፊሉን ይዞ በሚለው ላይ ደራሲው እስካሁን ሁለት መንገድ ሞክሯል፤ አንደኛው ላይ እናቲቱ ታውቀዋለች፣ እርሱ ግን አያውቃትም። ማኅበሩ ሁለቱንም አንብቦ ለሁለት ተከፍሏል። ማተሚያ ቤቱ ቀድሞ የሰጠው የዋጋ ግምት ጊዜው ስላለፈበት፣ የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ሲያልቁ አዲስ ግምት መጠየቅ ይኖርበታል፤ የገጹ ብዛት ከበፊቱ በአንድ ሦስተኛ ያህል ስለ ቀነሰ ግን ወጪው ብዙ አይርቅም የሚል ተስፋ አለው።